ጀልባዎቹ የታሰሩበት ክረምት

ከአሰብ የወጣሁ ዕለት ማታ የጭነት መኪና ላይ፣ በሰው ፍራሽና በአሮጌ ጎማ መካከል፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት። ሆን ብዬ አይደለም፤ የቀረው ቦታ ያ ብቻ ስለነበር ነው። ልጄ ምሕረት ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተጀምሮ መርከብ መምጣት ካቆመ ሰንብቷል፤ ወደቡ ላይ መብራት የለም። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ክርኔን ነካ አድርጋ "ዞር ብለሽ እዪው እንጂ" አለችኝ። "ምኑን ነው የማየው? ወር ሳይሞላ እንመለስ የለ" አልኳት። ጨው ማምረቻውን አልፈን ወደ በረሃው ስንገባ የባሕሩ ሽታ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ አቧራ ብቻ ነበር።

ስለ ስደቱ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጀምራል። እኔም በቦሌ ወጥቻለሁ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምሕረት ዲቪ ደርሷት አትላንታ ገብታ፣ ዜግነት አግኝታ ስታስመጣኝ። በጠራራ ፀሐይ በረርኩ፤ አላለቀስኩም፣ የሚያለቅስልኝም አልጠራሁም። ስለዚህ ስለ ቦሌ የምለው የለኝም። ስለ ባለቤቴም የምለው የለኝም። ከአሰብ ልጆች የሚያውቁ ያውቃሉ፤ የማያውቁ ይቅርባቸው።

አሰብ ላይ የወደቡ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። አባቴ ክሬን ነጂ ነበር፤ ያደግነው ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ነው። በሐምሌ አልጋችንን ደጅ አውጥተን፣ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረን ጨምቀን ለብሰን የምንተኛ፣ በጥር ደግሞ ሌላው አገር በቀሚስ በሚሄድበት አየር "ዛሬ በረደ" ብለን ሹራብ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ዛሬ ደሴም ናዝሬትም ዲሲም ተበትነናል። ይኼን የምጽፈው ግማሹን ለእነሱ ነው። ግማሹን የምጽፈው ለአንድ ሰው ሲሆን እሱም አቶ ግርማቸው ይባላል።

አቶ ግርማቸው አዲስ አበባ በተቀጠርኩበት ማተሚያ ቤት የአርታኢዎች ኃላፊ ነበሩ። እኔ አራሚ ነበርኩ፤ የሰው ስህተት ሳቀና ውዬ ማታ ማታ ስለ አሰብ ልብ ወለድ እጽፍ ነበር። ሲያልቅ ሰጠኋቸው። ክረምቱን ሙሉ አስቀምጠው፣ መስቀል አልፎ ጠሩኝና፣ ሌሎቹ አራሚዎች ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ "የሺ፣ ወደቡ አለ" አሉኝ። "ክሬኑ አለ፣ መርከቡ አለ፣ ተሸካሚው ሲጯጯህ ይሰማኛል። ባሕሩ ግን የለም። አንብቤ ስጨርስ እግሬ አልራሰም።" ሰዎቹ ሳቁ። ቀጠል አድርገው "እንደገና ብትጽፊው አነበዋለሁ" አሉ። "አይ፣ አያስፈልግም፣ አላደክምዎትም" አልኳቸው። "እንግዲህ እንዳልሽ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህ ሰው ሐበሻ ነው። ሐበሻ አንድ ጊዜ "አያስፈልግም" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛ ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር። አልጠየቀኝም። ይኼን አልረሳሁለትም።

ወደ አትላንታ ልምጣ። በገባሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ምሕረት መታወቂያ ላውጣልሽ ብላ አንድ መሥሪያ ቤት ወሰደችኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ጥፍሯ ረጅም፣ ድምጿ ለስላሳ ነው።

"የትውልድ ከተማ?"

"አሰብ።"

"አገር?"

"ኢትዮጵያ።"

ጻፈች፣ አጠፋች፣ መልሳ ጻፈች። "ማም፣ ኮምፒውተሩ አሰብ ኤርትራ ነው ይላል።"

"አሁን ነው። እኔ ስወለድ ኢትዮጵያ ነበር።"

"እና ኤርትራዊ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። "እሺ" አለች፣ ልትረዳኝ ብላ፤ "ከተማውን እንቀይረዋ። ሌላ የተወለድሽበት ከተማ የለሽም?"

"አንድ ቦታ ብቻ ነው የተወለድኩት።"

"ብዙ ሰው አዲስ አበባ ይላል። አዲስ አበባ ችግር የለውም።"

ምሕረት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። አዲስ አበባ ተብሎ ተጻፈ። በጆርጂያ ኮምፒውተር ውስጥ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ ሴትዮዋም "ሃቭ ኤ ብለስድ ደይ" ብላ መርቃ ሸኘችኝ።

ከዚያ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሥራው መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነው፤ ቀስ በቀስ በማሽን ተኩት፣ እኔም ማሪዬታ ምሕረት ቤት የልጅ ልጆቼን መያዝ ጀመርኩ። በመስታወቱ ክፍልም፣ ልጆቹ ሲተኙም ያንን ልብ ወለድ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። አማቼ፣ የምሕረት ባል፣ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሰምተው ኖሮ፣ አንዷ "እትዬ የሺ፣ ልብ ወለድ ማለት ውሸት አይደል? በዚህ ዕድሜዎ ምስክርነት አይጽፉም?" አለችኝ። "ምስክር የሚሆነኝ ሰው ሁሉ ተበትኗል" ብዬ ተውኳት። ለእሷ ያልነገርኳት፣ መጽሐፉ እንዳልሄደልኝ ነው። በጻፍኩት ቁጥር ክሬኑ ይጮሃል፣ መርከብ ይገባል፣ ሰው ይራወጣል። ባሕሩ የለም። አትላንታ ደግሞ ዛፍ አላት፣ አውራ ጎዳና አላት፣ ጥሩ ሰው አላት፤ ባሕር ግን የላትም። የግርማቸው ድምፅ ጆሮዬ ላይ እያለ ማርጀቴ ነው ብዬ ነበር።

ባለፈው ገና፣ የፈረንጆቹ ገና ማለቴ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ አማቼ ወደ ጆርጂያ የባሕር ጠረፍ እንሂድ አለ። የሄድንባት ከአትላንታ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ግማሽ ቀን የሚያስነዳ፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያወጡ ጀልባዎች የሚያድሩባት ትንሽ ወደብ ናት። ስሟን አልጽፍም። ሐበሻ ጥሩ ቦታ ካገኘ በሳምንቱ በቫን ተጭኖ ይመጣል፤ ሚስ ኦፓልም ያን ሁሉ ሰው አትወድም።

ሚስ ኦፓል ያረፍንበት ቤት ባለቤት ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የሟች ባሏን ካፖርት ለብሳ ነው የምትውለው። ባሏ የጀልባ ካፒቴን ነበር። በዚያ አገር ትልቅ ሴት በመጀመሪያ ስሟ ላይ "ሚስ" ተጨምሮ ነው የምትጠራው፣ ልክ እኛ "እትዬ" እንደምንለው። የመጀመሪያ ቀን "ሚስ የሺ" ስትለኝ፣ አትላንታ "ሄይ ዩ" ሲሉኝ ለኖርኩት ሴትዮ፣ እንደ ክብር ልብስ ነበር።

ማታ ትልቅ ሳህን ይዛ መጣች። "ሚስ የሺ፣ ሽሪምፕ ትበያለሽ?"

"አልበላም፣ አመሰግናለሁ። በሃይማኖቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር አይበላም።"

"እሺ" አለች፤ ሳህኑን ወደ ሌላው ገፋችና ለእኔ ዓሣ ጠበሰችልኝ። በሞቴ የለ፣ ለአመል ቅመሽው የለ፣ መኮሳተር የለ። እንዴት ያለች የተከበረች ሴት ናት አልኩ በልቤ።

የሰጠችኝ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ጀልባዎቹ ወደሚታሰሩበት ይከፈታል። ጠዋት ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። የዓሣው ወቅት ሊያበቃ ስለሆነ አብዛኞቹ ጀልባዎች ታስረዋል። መረባቸው ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ ሞተር የለም፣ ሰው የለም። ውሃው ሌሊት ሸሽቶ ኖሮ ጭቃው ራቁቱን ወጥቷል፤ ሽታው ከባድ ነው፣ ጨው ያለበት፣ ትንሽ የበሰበሰ። ከጭቃው ማዶ ያለው ረግረግ ሣሩ ደርቆ የበሰለ ስንዴ መስሏል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ አንድ ገመድ ብረት ላይ እየተሻሸ ትንሽ ድምፅ ያሰማል። ያ ብቻ ነው።

እኔ አሰብን የማውቀው ሲሠራ ነው። መርከብ ሲቀርብ፣ ሲጭን፣ ሲያራግፍ፤ ስልኬ ሳያቋርጥ ሲጮህ። መርከቡ ሲቀር እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ። ሥራ የሌለው ወደብ ጠዋት ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት አየሁ። ክሬኑና ጫጫታው ሲነሱ የሚቀረው ባሕሩ ነው። እስከ ዛሬ ከፊቱ ያቆምኩበት እኔው ነኝ፤ ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ሰው። ምሕረት ለቁርስ እስክትጠራኝ ድረስ፣ ቆሜ፣ መስኮቱ ጫፍ ላይ ወረቀት አስደግፌ ጻፍኩ። በብዙ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። በቆየንባቸው ቀናት በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ።

የመጨረሻው ዕለት አመሻሽ ላይ ሚስ ኦፓል በረንዳው ላይ አገኘችኝ።

"ልጅሽ መጽሐፍ ትጽፋለች አለችኝ" አለች። "ከአዲስ ዓመት በኋላ ጀልባዎቹ አይወጡም፣ እንግዳም አይመጣም። ያ ክፍል እስከ ጸደይ ባዶ ነው። ቆይተሽ ብትጽፊበት ደስ ይለኛል። ኪራይ አልፈልግም። ከባሌ ወዲህ ከላይ ኮቴው የሚሰማ ሰው አጥቻለሁ።"

"አይ፣ አይሆንም፣ እኔ አላስቸግርሽም" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ጠበቅኩ። እሷ ውሃውን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። አሁን "ምን ችግር አለው" ትላለች፣ እኔ "ኧረ ተይ" እላለሁ፣ ከዚያ እጄን ትይዘኛለች፣ ከዚያ እሺ እላለሁ ብዬ ተሰናድቻለሁ። ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ "በረደ" ብላ ገባች። ጠዋት ሻንጣ ስናወርድ፣ ክፍሉን ሞተር ሊጠግን ለመጣ ሰው እንደሰጠችው ለምሕረት ነገረቻት።

መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ። ምሕረት ትነዳለች፤ አማቼና ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል።

"ምን ዓይነት ሰው ናት?" አልኩ። "ከልቧ አልነበረም ማለት ነው።"

"እማ፣ ሺ ኦፈርድ ዩ ኤ ሩም። በነፃ። አንቺ ኖ አልሽ።"

"አንድ ጊዜ ነው እኮ እምቢ ያልኩት።"

"አንድ ጊዜ ይበቃል እዚህ። ላይክ፣ ኖ ማለት ኖ ነው።"

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"ያንቺ። ለዚህ ነው ሥራ ቦታ ሻይ ይምጣልሽ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ስንት ዓመት ሳልጠጣ የዋልኩት።" ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ቆይታ ግን፣ ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ "መቆየት ፈልገሽ ነበር?" አለችኝ።

"ልጆቹስ?" አልኩ።

"ልጆቹን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷም አልደገመችውም። አሜሪካ ልጄንም አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ አድርጋታለች።

ማሪዬታ ተመለስን። መጽሐፉ ደረቀ። ከመስኮቱ የምሕረት ጎረቤት መኪና ነው የሚታየው። ወደቡን በሐሳቤ ለመመለስ ስሞክር ክሬኑ ተመልሶ መጥቶ ከፊቴ ይቆማል። በየቀኑ ሚስ ኦፓልን በልቤ እከሳታለሁ፤ ክሱ ግን አልቆም አለ። ሽሪምፑን እምቢ ስል አመነችኝ፤ ወደድኳት። ክፍሉን እምቢ ስል አመነችኝ፤ ጠላኋት። በአንድ አፍ፣ በአንድ ድምፅ ነው ሁለቱንም ያልኩት። በምን ትለየው?

ለራሴ ብዬ ሰውን ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም። ይኼን የምለው ልመጻደቅ አይደለም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ሰው አይቶ ይሰጥሻል፣ አንቺ ትመልሻለሽ፣ እሱ ይለምንሻል፣ ከዚያ ትቀበያለሽ። ማንም ሳያይልሽ ከቀረ ቂም ትይዣለሽ። እኔ ያልያዝኩበት ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ እንግሊዝኛውን መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ተለማምጄ ደወልኩ።

"ሚስ ኦፓል፣ የሺ ነኝ። ክፍሉን እፈልገዋለሁ።"

"ኖ ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"ብያለሁ። ግን ኖ አልነበረም።"

"ሃኒ፣ ይኼን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፣ መልሱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ስልኩ ራሱ ተርገበገበ።

"እና ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?"

"ሦስት።"

"ሽሪምፑንስ? እሱንም ሦስት ጊዜ ልጠይቅሽ ነበር?"

"እሱ እውነተኛ እምቢታ ነው።"

"በምን ልለየው ታዲያ?"

"አይለይም" አልኳት። "እኛም አንዳንዴ አንለየውም።"

ደግማ ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿ ተስተካከለ። "ክፍሉ ሰው ገብቶበታል፣ አላስወጣውም። ከኩሽናው ጀርባ ባሌ መረብ ያስቀምጥበት የነበረ ክፍል አለ። ይበርዳል። ይሸታል። መስኮቱ ግን ከላይኛው ለውሃው ይቀርባል። እንደ እናንተ አላውቅበትም፤ አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ለምሕረት ነገርኳት። ከሆስፒታል መመለሷ ነው፣ ነርስ ናት፤ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ለስንት ጊዜ?" አለች።

"ጀልባዎቹ እስኪወጡ።"

"አር ዩ ሲሪየስ? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል?"

"አላውቅም። ስለ ልጆቹ አንቺና ባልሽ ታስባላችሁ። እኔ መሄድ እፈልጋለሁ።"

እንዲህ ብዬ አነጋግሬያት አላውቅም። ፊቷ ተለዋወጠ፤ የሚከፋት መሰለኝ፣ ትንሽም ከፋት። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። "ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"መሄድ።"

"ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር" አልኳት።

በሳምንቱ መጨረሻ ራሷ ወሰደችኝ። አማቼ ልጆቹን ከትምህርት በኋላ የሚይዝላቸው ቦታ አገኘ፤ ወፍራም የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስም ገዝቶ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተልኝ። እኔ ስለ አማቼ ለሰው ብዙ ክፉ ተናግሬያለሁ፣ ለዚህ ግን አመሰግነዋለሁ።

ያ ክረምት፣ የፈረንጆቹ ብርድ ወራት ማለቴ ነው፣ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የተሻለው ነው። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አይቀናኝም፣ ግን እውነት ነው። ክፍሉ የሬንጅ፣ የገመድና የድሮ ጨው ሽታ አለው። ጠዋት ሚስ ኦፓል በሩን በክርኗ ትገፋና ግሪትስ ታስቀምጥልኛለች፤ ግሪትስ ከበቆሎ የሚሠራ የእኛን ቅንጬ የሚመስል ነገር ነው፣ ቅቤው ቅመም ስለሌለው ያሳዝናል እንጂ። እሷ አታወራም። ማውራት ስትፈልግ "ማውራት እፈልጋለሁ" ትላለች። ዝም እንዲባል ስትፈልግም ትናገራለች። መጀመሪያ አስደነገጠኝ፣ ኋላ አሳረፈኝ። አብሬያት ስሆን ከቃሏ በስተጀርባ ምን ይኖር ይሆን ብዬ አልቆፍርም፤ በዚያ የሚባክነው ጉልበቴ ሁሉ ለመጽሐፉ ተረፈኝ።

በዚያ አገር ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። የአሰብ ባሕር እንዲህ አይንጠራራም፤ ትንሽ ገፋ አድርጎ ይመለሳል። የታሰሩት ጀልባዎች ውሃው ሲሞላ መስኮቴ ላይ ይሆናሉ፤ ሲወርድ ቁልቁል ነው የማያቸው። ምንም የሚሠሩት ሥራ ሳይኖር ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። አንድ ቀን ሚስ ኦፓል የባሏን ጀልባ ገመድ ልታላላ ስትወጣ ተከተልኳት።

"በየቀኑ ታዪዋለሽ?" አልኳት።

"በየቀኑ። አጥብቀሽ ካሰርሽው ውሃው ሲወርድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጣም ካላላሽው ሄዶ ከሌላው ይጋጫል። ሰው ክረምት ላይ ሥራ የለም ይላል።" ገመዱን በጉልበቷ ይዛ ቋጠረችው። እንደዚያ የሚያምር የአሮጊት እጅ አይቼ አላውቅም።

የመጽሐፌ መጀመሪያ ተገኘ። ድሮ የምጨርስበት ቦታ ነበር፣ የመጨረሻው መርከብ የወጣበት ቀን። አሁን ከዚያ ጀመርኩ። አንዲት የስልክ ኦፕሬተር ማንም በማይደውልበት ማዞሪያ ፊት በየጠዋቱ እየመጣች ትቀመጣለች፤ ወደቡ ባዶ ነው፣ ከእሷ በቀር ሥራ የሚገባ የለም። ሌላ ነገር አይደርስም ማለት ይቻላል። ከጥር እስከ መጋቢት እጄ አላረፈም።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ግርማቸውን ፈለግኩ። አራሚ የነበረች አንዲት ጓደኛዬ ስልኩን ሰጠችኝ፤ ታሟል፣ ዓይኑም ደክሟል አለችኝ። አንድ ጠዋት፣ እነሱ ዘንድ ከሰዓት ሆኖ፣ ጀልባዎቹ ወደሚታሰሩበት የእንጨት መንገድ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ባለቤታቸው አነሱ፣ ጆሮአቸው ላይ አደረጉላቸው።

"ማን ነው?"

"የሺ ነኝ፣ ጋሽ ግርማቸው። አሰብን የጻፍኩት።"

"ጮክ በይ።"

"የሺ ነኝ።"

"አራሚዋ የሺ። የተቀየመችው።"

"መቀየሜን ያውቁ ነበር?"

"ፊትሽ ላይ ነበር እኮ። ምነው ዛሬ?"

"እንደገና ብትጽፊው አነበዋለሁ ብለውኝ ነበር። ጽፌዋለሁ። ላንብብልዎት?"

"አንብቢ" አሉ።

ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሞተር ጠጋኙ ከጀልባው ብቅ ብሎ አየኝ፤ በማያውቀው ቋንቋ ባሕር ዳር ቆማ የምትጮህ አሮጊት ናት። አላፈርኩም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩና ተንፍሼ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ፣ "ባሕሩ አለ ወይስ የለም?" አልኳቸው።

ተኙ ብዬ ነበር።

"የሺ" አሉ በመጨረሻ፤ "እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም።"

"ምን አሉ?"

"አላየሁም። ምጽዋ ልሄድ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ። አሁን እዚያ ነሽ? ባሕሩ አጠገብ? እስቲ አሰሚኝ።"

ባሕር ያላየ ሰው፣ ያውም እኔን ባሕሩ የለም ያለኝ። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጋሁ። ነፋስ አልነበረም፤ ውሃው ሞልቶ ቆሟል፣ ገመዱም አይንቀሳቀስም። ክንዴ እስኪደክም ይዤው መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

"ምንም አይሰማም" አሉ።

"በዚህ ሰዓት ዝም ይላል። ሞልቶ ሊመለስ ሲል።"

"ይኼ መጽሐፉ ውስጥ አለ?"

አሰላሰልኩ። በጻፍኩት ሁሉ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ገመዱ ያንኳኳል፣ ውሃው ይወጣል ይወርዳል። "የለም" አልኳቸው።

"እንግዲህ" አሉ። ሳል ያዛቸው፤ ረጅም ሳል ነው። ባለቤታቸው ስልኩን ተቀበሏቸው። "ደክሞታል፣ የኔ እመቤት። ሌላ ጊዜ ደውይለት" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እዚያው ቆምኩ። ዛሬም አረመኝ፤ ዛሬም ልክ ነበር፣ ይኼ ደግሞ ያናድዳል። ውሃው ከእግሬ በታች ሞልቶ፣ ጠቁሮ፣ ዝም ብሏል። አሰብም ይኼኔ እንዲህ ዝም ብሎ ይሆናል፤ እኔ ስልክ አነሳበት በነበረው ክፍል የሚደውል የለ፣ የሚያነሳ የለ። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደሚቆይ ለማወቅ፣ ውሃው መመለስ እስኪጀምር ድረስ ከዚያ ሳልነቃነቅ ጠበቅኩት።